እምነት በፌስታል

ጎረቤቴ ከእንጦጦ ተመልሰው ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ ልጃቸውን ተጣሩ፤ «ና እስኪ፣ ያን እምነት አቀብለኝ።» ልጁ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ከስልኩ የሚወጣው የሁለት ሰባኪዎች ክርክር ነው፤ አንዱ «ጥቅሱን እስከ መጨረሻው አንብበው» ይላል፣ ሌላው «ግሪኩ እንዲህ አይልም» ይላል። ልጁ ተነሥቶ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን ጥቁር ፌስታል አመጣላቸው። ቋጠሮው ሲፈታ ውስጡ አመድ የመሰለ ደቃቅ ዐፈር አለ። በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው በጠበል አራሱትና ግንባራቸውን፣ ቀጥለውም የሚያማቸውን ጉልበት ቀቡት። «አንተም ተቀባ» አሉት። «እኔ መች ታመምኩ እማዬ» አለና ወደ ክርክሩ ተመለሰ።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ነገር ደብቆብናል። እምነት ስንል ሰው በልቡ የያዘውን፣ ቢጠይቁት የሚመልሰውን ማለታችን ነው። ጠበል ቦታ ግን እምነት የሚታፈስ፣ የሚቋጠር፣ መምጣት ላልቻለ በሽተኛ የሚላክ ነገር ነው። እናትየው የሚያውቁት ይኼኛውን፣ በጣት የሚነካውን ነው። ልጁ በቃል የሚነገረውን ያውቃል፤ ስለ አካልና ስለ ባሕርይ ጠይቁት፣ ማስታወሻ ሳይዝ ግማሽ ሰዓት ያስረዳችኋል። እናትየው ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ የሚባሉ ወገኖች እንደነበሩ ሰምተው አያውቁም። ልጁም ከተጠመቀ ዓመታት አልፈዋል። ከሁለቱ ሃይማኖቱን የሚያውቀው የትኛው ነው?

ይህ የአንድ ቤት ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ገዳማት፣ መስጊዶች፣ የነገሥታት ጉባኤዎች፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲዎች ተጣልተውበታል። አንዱ ወገን «ቀምሻለሁ፣ ክርክራችሁ ለኔ ምኔ ነው» ይላል። ሌላው «የቀመስከው ማር ይሁን እሬት በምን ታውቃለህ፣ መለኪያው ትምህርቱ ነው» ይላል። ቋንቋችን ራሱ ገለልተኛ አይደለም። «ሃይማኖት» በግእዝ ከማመን ጋር የተያያዘ ቃል ነውና «ሃይማኖትህ ምንድን ነው» ብለን ስንጠይቅ ሳናስበው «ምን ትላለህ» ብለን ጠይቀናል፤ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደደረሰበት አልጠየቅንም። «ተሞክሮ» የሚለው ቃል ግን ከመሞከር የወጣ ነው፤ ፈተና በውስጡ አለ። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከክርክሩ ልጀምር፤ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው)። እኛ ዘንድ የሃይማኖት ክርክር የመጽሐፍ ሰዎች ጨዋታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የሰንበት ነገር፣ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚለው፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ተከታዮች ከመቶ ዓመት በላይ ካነታረከ በኋላ ነው በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ያስወሰኑት። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ገብተው አገሩን ላስገባ ሲሉ የፈሰሰው ደም ብዙ ነው፤ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቅባትና የጸጋ ክርክር ጎንደርን፣ ጎጃምንና ሸዋን ከፋፍሎ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። መቋጫው በ1878 ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተቀመጡበት፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት ሆነ። ሁለት ልደት የሚሉት፣ ካራ የተባሉት፣ ረቱ፤ ሦስት ልደት የሚሉት የጸጋ ሰዎች ተረቱ።

እዚህ ላይ ለተከራካሪዎቹ ፍርድ ማጉደል አልፈልግም። «ቀባዒ ማን፣ ተቀባዒ ማን፣ ቅብዕ ማን» እያሉ የተሟገቱት ሊቃውንት ፀጉር ሲሰነጥቁ የዋሉ ቦዘኔዎች አልነበሩም። ከጥያቄው ሥር ያለው፣ ሥጋ ከመለኮት ጋር ሲገናኝ ምን ሆነ የሚል ነው፤ ለአማኙ ደግሞ የሰው ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ያም ሆኖ ከሦስቱ ወገን የነበረ ገበሬ የሚጾመው አንድ ጾም፣ የሚቆመው አንድ ቅዳሴ፣ የሚሰማው አንድ የያሬድ ዜማ ነበር። አጥቢያው ወደ ሌላው ወገን ቢዞር በጸሎቱ ላይ ይህን ያህል የሚለወጥበት ነገር የለም። ክርክሩ የሚታወቀው ሲሸነፉ ነው።

የቦሩ ሜዳ ማግስት ደግሞ ክርክር ማድረግ የማይችለውን በግልጽ አሳይቷል። የወሎ ሙስሊሞች በዐዋጅ እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆነው ነው። ከባላባቱ በታች ያለው ሕዝብ ግን ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ አመሸ፤ አባባሉ ዛሬም በወሎ አለ። ቀን የሚነገረው ቃል ተለውጧል፤ ማታ ቤት ዘግቶ የሚሰገደው ሶላት ግን እንደነበረ ነው። ዐዋጅ አፍን ያስለውጣል። ጉልበት የሚንበረከክበትን ሰዓት አያስለውጥም።

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባለው መጽሐፍም (ስሙ ከንጉሡ ጋር ቢገጥምም ሌላ ሰው ነው) የሚነሣው ከእንዲህ ያለው ክርክር ነው። በሱስንዮስ ዘመን የሆነ ሰው፣ ፈረንጆቹ «የኛ ነው እውነቱ»፣ የአገሩ ሰዎችም «የኛ ነው እውነቱ» ሲሉ፣ ዳዊቱን ይዞ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት ብቻውን ሲጸልይና ሲመረምር እንደኖረ ይተርካል። መጽሐፉን የጻፈው በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ከካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ጀምሮ እስካሁን አልበረደም። የማንም ይሁን፣ ከክርክር ሸሽቶ ዋሻ የገባ ሰው መጽሐፍ ራሱ የክርክር ምግብ ሆኖ መቅረቱ ያስቀኛል። ለዚህ ዳሰሳ ግን አንድ ነገር ይጠቅመኛል፤ ሰውየው ዋሻ ሲገባ ዳዊቱን አልጣለም። ብቻውን ቀመሰ የምንለው ሰው እንኳ የሚቀምሰው ከተማረው ማዕድ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን። እንደኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚያስደንቀው እኛው ቤት ያለ ነው። የአብነት ትምህርት ቤት የትርጓሜ መጻሕፍት አራት ጉባኤ ናቸው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። ሊቃውንት የሚባለው ጉባኤ ሃይማኖተ አበውንና ቄርሎስን የያዘ ነው፤ ማን እንዳመነ፣ ማን እንደካደ፣ ንስጥሮስ ለምን እንደተወገዘ የሚማሩበት የክርክር ቤት። መነኮሳት የሚባለው ሌላ ወንበር ነው። እዚያ የሚተረጎሙት ሦስት መጻሕፍት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ስለ እንባ፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ሐሳብ መበተን፣ ጸሎት እየጸለዩ ጸሎት ስለሚቆምበት ጊዜ ይናገራሉ። ቤቱ ክርክርንና ልምድን ለያይቶ፣ ለየብቻ ወንበር ሰጥቶ ነው የሚያስተምረው።

ጉዱ ያለው ደራሲዎቹ ላይ ነው። ማር ይስሐቅ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የነነዌ ጳጳስ ነው፤ በተሾመ በአምስት ወሩ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃ የሄደ፣ በንባብ ብዛት ዐይኑ ጠፋ የሚባልለት። የተወለደው ዛሬ ኳታር የምንለውን ምድር በሚጨምረው ቤተ ቀጥራዬ ነው። (ዶሃ በሰው ቤት ተቀጥራ ሌሊት መዝሙር የምትሰማ እህት የማር ይስሐቅን አገር እየረገጠች መሆኑን የነገራት ይኖር ይሆን?) ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በሊቃውንቱ ወንበር በስሙ የሚወገዘውን ንስጥሮስን እንደ አባት የምታከብር። ፊልክስዩስ የተባለው መጽሐፍ የታላቁን ፀረ ኬልቄዶን ሊቅ የፊሎክሴኖስን ስም ይዟል፤ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ግን የዳድኢሾ ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም የቀጥራዬ ሰው፣ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። አረጋዊ መንፈሳዊም በሰሜን ኢራቅ ተራሮች የኖረው የ8ኛው ክፍለ ዘመን መናኝ ዮሐንስ ዘዳልያታ ነው፤ የዚያው ወገን። ሦስቱም።

ስለዚህ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ከሰዓት በፊት «ንስጥሮሳዊ» ተብሎ የተረታ ወገን፣ መነኮሳት ጉባኤ ላይ ከሰዓት በኋላ አባት ሆኖ ይቀመጣል። መጻሕፍቱ ከሱርስት ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ሲዞሩ ድንበር ያስቆማቸው አልነበረም። አንዳንዱ ተርጓሚ የማንነታቸውን ነገር አላወቀ ይሆናል። የፊልክስዩስ ስም ሽፋን እንደሆነም ይገባኛል። ቢሆንም ኬልቄዶናውያን ግሪኮችም ይስሐቅን ተርጉመው ይዘውታል፣ ግብጻውያንም ይዘውታል፤ ሁሉም ተሳስቶ ነው ማለት ይከብዳል። የጸሎትን ውስጠ ነገር የሚያውቅ ሰው ሲናገር ሌላው የሚጸልይ ይሰማዋል። በሃይማኖት አንቀጽ ያልተስማሙ ሰዎች በእንባ ተስማምተዋል።

ልምዱ ግን ልቅ አልተተወም። ገዳሙ ለመቅመስም ሥርዓት አበጅቶለታል። ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ዐሥር መዓርግ ይቆጠራል። መጀመሪያው ጽማዌ ነው፣ ዝም ማለት፤ ቀጥሎ ልባዌ፣ ማስተዋል፤ ከዚያ ጣዕመ ዝማሬ። ዕድሜውን ሙሉ ማኅሌት የቆመ ደብተራ «ዛሬ ጣመኝ» የሚልበት ቀን አለ፤ ቃሉ ያው፣ ዜማው ያው፣ የቆመበት ቦታ ያው ሆኖ ሳለ። ወደ ላይ ሲወጡ አንብዕ፣ ፍቅር፣ ተሰጥሞ እየተባለ እስከ ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ ይደርሳል። ወደ ላይኞቹ ደርሻለሁ ብሎ የሚናገር መነኩሴ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ይህ ቀልድ ይመስላል፣ ግን የመሣሪያው ዋና ብሎን ነው፤ ልምዱ እውነተኛ ከሆነ ለሌላ ሰው ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።

ከበረሃ አባቶች የሚነገር አንድ ወግ አለ። ሰይጣን ብርሃን ለብሶ ለአንድ መነኩሴ ተገለጠና «ገብርኤል ነኝ፣ ወዳንተ ተልኬ መጣሁ» አለው። መነኩሴው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ምናልባት ወደ ሌላ ተልከህ ይሆናል፣ እስቲ ደግመህ አጣራ፤ እኔ መልአክ የሚመጣብኝ ሰው አይደለሁም» አለ። ሰይጣኑ ጠፋ። መነኩሴው የታየውን ነገር እውነት ነው ሐሰት ብሎ አልተከራከረም። ራሱን ነው የመረመረ።

የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ግን ዮሐንስ ዘዳልያታን በሕይወት ዘመኑ ባይሆን ከሞቱ በኋላ ፍርድ ቤት አቁማዋለች። ካቶሊኮስ ጢሞቴዎስ በ780ዎቹ በሰበሰበው ሲኖዶስ ከሌሎች ሁለት የምሥጢር ጸሐፊዎች ጋር ተወገዘ፤ ነገሩ ፍጡር ፈጣሪን ሊያይ ይችላል ወይ ነው። እንዲያውም የሚገርመው፣ ሰውየው በጽሑፉ የሚታየው ክብሩ እንጂ ባሕርዩ አይደለም ብሎ ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቁስጥንጥንያም በዚሁ ጥያቄ ተናወጠች። በርላም የተባለ ሊቅ በአቶስ ተራራ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው የሚጸልዩ መነኮሳት «ብርሃን አየን» በማለታቸው ሲያፌዝባቸው፣ ጎርጎርዮስ ፓላማስ ተነሥቶ ተሟገተላቸው፤ በ1341 እና በ1351 የተሰበሰቡ ሲኖዶሶች ለመነኮሳቱ ፈረዱ። ልምድን ከክርክር ያዳነው ያን ጊዜ ክርክር ነው። «ከክርክር ምን ይገኛል» ለሚል ሰው ይህ መልስ ይሆነዋል።

የቅምሻ ነገር በእስልምናም ያው ቃል አለው። ሱፊዎች ዘውቅ ይሉታል፣ መቅመስ። አቡ ሐሚድ አልገዛሊ በባግዳድ ኒዛሚያ ትልቁን ወንበር ይዞ ሲያስተምር፣ በ1095 ምላሱ ተያዘ። ማስተማር አቃተው፣ ምግብ አልወርድ አለው፣ ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ። እርሱ ራሱ ኋላ እንደጻፈው፣ የሱፊዎችን ትምህርት በንባብ ጨርሶት ነበር፤ የቀረው በንባብ የማይገኘው ነው። ስካር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሐኪምና የሰከረ ሰው አንድ አይደሉም ሲል ያስረዳል። ወንበሩን ጥሎ ወደ ደማስቆና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ልብ በሉ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ወደ ማስተማሩ ተመልሷል። የቀመሰ ሰው ሁሉ ከመጽሐፍ አይሸሽም።

ወሎ ላይ የጀማ ንጉሥና የዳና ሸይኾች ያቆሙት ወግ ከዚህ ጅረት የተቀዳ ነው፤ መንዙማ፣ ዚክር፣ መውሊድ። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ «ማስረጃው የት አለ፣ ይህ ቢድዓ (ሃይማኖት ላይ የተጨመረ ፈጠራ) ነው» የሚል ድምፅ በየመስጊዱ ጠንክሯል። ሁለቱን ወገን ሰምቼ የተረዳሁት፣ አንዱ ማስረጃ ሲል ጽሑፍ ማለቱ ነው፤ ሌላው ማስረጃ ሲል መንዙማው ሲባል እናቱ ያለቀሰችውን ለቅሶ ማለቱ ነው። አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ይዘው እስከ መቼም አይገናኙም።

ከፈረንጅ አንድ ሰው ብቻ ከቅርብ ላሳያችሁ። ብሌዝ ፓስካል የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ከፌርማ ጋር በደብዳቤ የዕድል ስሌትን መሠረት የጣለ። ኖቬምበር 23 ቀን 1654፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አራት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት የቆየ ነገር ደረሰበት። ሰዓቱን የምናውቀው ራሱ ስለጻፈው ነው፤ የሒሳብ ሰው ነውና ደቂቃውን አልረሳም። የጻፈውን ወረቀት ከኮቱ ገበር ውስጥ ሰፋው። ኮት ሲቀይር እየፈታ እንደገና ይሰፋዋል። ለማንም አልተናገረም። በ1662 ሲሞት አሽከሩ ገበሩ ወፍሮበት ቢፈታው ተገኘ። በስምንቱ ዓመታት ውስጥ ግን ፓስካል ዝም አላለም፤ ከኢየሱሳውያን ጋር በሃይማኖት ጉዳይ የከረረ ሙግት ገጥሞ ተከታታይ ደብዳቤ አሳትሟል። አንዴም «እኔ እኮ በዚያ ሌሊት...» ብሎ አልተሟገተም። ሲሟገት በምክንያት፣ ኮቱን ሲለብስ በልምዱ።

ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ጉዳይ አንሥተው ማጥናት ከጀመሩ መቶ ዓመት አልፏል። አሜሪካዊው ዊሊያም ጄምስ በ1901 እና 1902 ኤድንብራ ላይ ያቀረበው ተከታታይ ንግግር እስካሁን የሚጠቀሰው አንድ ሚዛን ስላስቀመጠ ነው፤ እንዲህ ያለው ልምድ ለደረሰበት ሰው ሥልጣን አለው፣ ላልደረሰበት ሰው ግን ያለ ምርመራ እንዲቀበል የማስገደድ መብት የለውም። ስቲቨን ካትዝ በ1978 ይህን ገፋ አድርጎ፣ የአይሁድ ምሥጢራዊ ክርስቶስን አያይም፣ የሂንዱውም የሕዝቅኤልን ሠረገላ አያይም፤ ሰው የሚቀምሰው በተማረው ቋንቋ ነው አለ። እውነት አለው። ጎረቤቴ ጠበል ላይ ማርያምን እንጂ ክሪሽናን አላዩም። ግን ቋንቋ ከሌለ የምንቀምሰው ቡናም ጣዕሙን አንለይም፤ ቡናው የለም ማለት አይደለም። ካትዝ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኼው ነው።

ታንያ ሉርማን የተባለች አንትሮፖሎጂስት በአሜሪካ ቪንያርድ በሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዓመታት ቆይታ በ2012 ያሳተመችው መጽሐፍ ይበልጥ ይማርከኛል። ምእመናኑ የእግዚአብሔርን ድምፅ መስማትን እንደ ሙያ ይለማመዱታል፤ ከራሳቸው ሐሳብ የሚለዩበትን ስልት ይማራሉ፤ በሐሳብ የመመሰጥ ተፈጥሮ ያለው ሰው ቶሎ ይለምዳል። እናም ልምድ ከትምህርት ነጻ የሆነ ጥሬ ዕቃ አይደለም። ማር ይስሐቅ ይህን ቢሰማ የሚገርመው አይመስለኝም። በቡድሂዝምም እንዲሁ ነው። ቡድሃ ዓለም ዘለዓለማዊ ናት ወይስ አይደለችም ብሎ ለጠየቀው ሰው መርዘኛ ቀስት የተወጋ ቁስለኛን ምሳሌ ሰጥቶ «መጀመሪያ ቀስቱን አውጣ» እንዳለ ይተረካል፤ ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ቡድሂዝም እምነት የለሽ ንጹሕ ልምድ ነው ይላሉ። ሮበርት ሻርፍ በ1995 ያሳየው ግን ይህ የማሰላሰል ልምድን ማዕከል ያደረገ አቀራረብ አብዛኛው የቅርብ ዘመን ፈጠራ መሆኑን ነው፤ መነኮሳቱ ከጥንትም ሥርዓትና መጽሐፍ ያበዙ ነበር። ከዚያም ወዲህ፣ በ2017 በታተመ ጥናት ወደ 60 የሚሆኑ ምዕራባውያን አሰላሳዮች ተጠይቀው ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን የመሳት ስሜት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። አባት የሌለው ተመስጦ አደጋ እንዳለው ገዳሞቻችን ያለ ጥናትም ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደሚቆረቁረው ልምጣ። በ1960ዎቹ ከተማሪዎች መካከል የተነሣው የጴንጤቆስጤ መነቃቃት ሲጀምር መሣሪያው ክርክር አልነበረም፤ ምስክርነት ነበር። «እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆንኩ።» በ1967 ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ለመመዝገብ ያቀረበችው ጥያቄ ውድቅ ሆነ፣ ኋላም ደርግ ዘጋት፣ ሰዎቿ ታሰሩ። በየሳሎኑ ተደብቀው የቆዩት በሙግት ስለረቱ አይመስለኝም። በሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ በ1994 ከአገሩ ሕዝብ 10 በመቶ ያህል፣ በ2007 ደግሞ 18.6 በመቶ ነው። ዛሬ ግን ምስክርነት የነበረው ነገር በየቴሌቪዥኑ ትንቢት ሆኗል። «ጌታ አሳየኝ» የሚል ሰው ስለ ራሱ መናገር ትቶ ስለ እርስዎ ትዳር፣ ስለ እርስዎ ጎረቤት፣ ስለ እርስዎ የባንክ ደብተር መናገር ጀምሯል። ኦርቶዶክሱም ቤት ባሕታዊ ነኝ ባይ ሰንሰለት አጥልቆ በየደጀ ሰላሙ ሲጮህና ቤተ ክህነቱ «አንተን ማን ላከህ» ሲለው ኖሯል። የኔ ፍርድ እዚህ ጋ ነው። ልምድ የሌላውን ሰው ገንዘብ፣ ገላ ወይም ውሳኔ ሲነካ፣ በዚያች ደቂቃ የግል መሆኑ አብቅቷል፤ እንደማንኛውም አቤቱታ ምስክር ይቅረብበት፣ ይመርመር፣ ይከራከሩት። እዚያ ላይ ክርክር ነውር አይደለም፣ ግዴታ ነው። እናትየው ጉልበታቸውን እምነት ሲቀቡ ግን የልጁ ግሪክ ምንም የሚሠራው ሥራ የለውም።

ጠበል ቤት ያየነውም ይህንኑ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 ነጻ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ላይ ብዙ በሽተኛ ነበር። አንዳንዶቹ «ክኒኑን ከያዝክ እምነትህ ጎደለ» ተብለው አቋረጡ። ቫይረሱ ስለ እምነት አይጠይቅም፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይመለሳል፣ ሲመለስም መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ሲናገሩ፣ ማንም ጠበል አልሠራልኝም ብሎ አልመሰከረም፣ ማንም ተፈወስኩ ያለውን ውሸታም አላለም። የሰውየው ልምድ ለሰውየው ቀረለት። ሐኪሙ የሚከታተለው ደምም ለሐኪሙ ቀረለት። ተሞክሮ ከመሞከር የወጣ ቃል ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ የዳነ ሰው ተመርምሮ ቢያረጋግጥ ምስክርነቱ አይቀንስበትም።

ጎረቤቴ የደም ግፊት አለባቸው። ባለፈው ሱባዔ ሲገቡ ክኒኑን ይተዉት እንደሆነ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። ቄሱ «ማን ተዪ አለሽ» ብለው ተቆጧቸው። አሁን ክኒኑን በፌስታሉ ውስጥ ከእምነቱ ጎን ነው የሚይዙት። ጠበል የምትመላለሱ፣ ወይም የሚመላለስ ዘመድ ያላችሁ፣ እናንተም እንዲሁ ያዙት፤ አቋርጡ የሚላችሁ ሰው ካለም ማን እንደላከው ጠይቁት።